የጀልባዋ ጥቁር ኬብል

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ዛሬም ያው ነው። አንድ ቪትዝ ዳሽቦርድ ሥር ተጋድሜ ስሠራ ባለመኪናው ከላዬ ቆሞ፣ "ኤሌትሪሻኑ የለም እንዴ?"

"አለች፤ እግሯን እንዳትረግጣት" አለው በያጁ ጃለታ።

ቡልቡላ ጋራዥ ስገባ ከአጥሩ ማዶ ጤፍ ይታጨድ ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም ከቦናል። እኔ ግን ከዘጠኝ ዓመት ሥራ በኋላም "ልጅቷ" ነኝ።

ከሰዓት ጉድ መጣ... ጀልባ! በአይሱዙ ተጭና። ባለቤቷ አቶ ጉግሳ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሎጅ አላቸው። የቤንዚኑን ሞተር አስወጥተው በባትሪ የሚሠራ ገዝተዋል፤ እንግዳ ጩኸት አይወድም አሉ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አያት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ጀልባ!

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ወልደጻድቅ ገለል አደረጉኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ይቺን ያለ እኔ እጅ ጨርሺ፣ ሰኚ። ውሃ ላይ ከሄደች የኤሌትሪክ ክፍሉን ቁልፍ ላንቺ እሰጣለሁ። ጉልበቴ አልቋል።"

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቁልፍ። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ታገልኩ። የተሳካልኝ አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ባትሪው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ። ክብደቱ እንዲመዛዘን ነው። መንገዱን ለካሁ፤ አምስት ሜትር። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ሃምሳ አምፒር ይስባል። ኬብሉ ቀጭን ከሆነ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ትራፊ ነው። ስለዚህ ሳልሰስት ባለ ሃያ አምስት ካሬ ሚሊሜትር ቀይ መረጥኩ። ጣቴን ያክላል።

"ጀልባ ነው ወይስ ፋብሪካ የምታስነሺው?" አለ ጃለታ። ይሳቅ።

ለጥቁሩ ኬብል፣ ለኔጋቲቩ፣ መደርደሪያ ላይ የተረፈች ባለ ስድስት አለች። እሷ ትበቃለች።

ዓርብ፣ ጥር 18

ሞተሩን እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ሞከርነው። ተሽከረከረ! ጃለታ አጨበጨበ። ከኔ ወዲያ ላሳር!

ጋሽ ወልደጻድቅ ባትሪውን ቻርጅ ሊያደርጉ ወሰዱት። "ይቺን እንኳ ተዪልኝ" አሉ። ተውኩላቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ቢሾፍቱ። ስድስት ሆነን ተሳፈርን፤ ጋሽ ወልደጻድቅ ዳር ቀሩ። መጀመሪያ ደህና ሄደች። ከዚያ... ደከማት። ዳክዬ ቀደመችን። እውነቴን ነው፣ ዳክዬ! ትናንት ያጨበጨብነው ለምኑ ነው? አየር ላይማ ማን አይሽከረከርም?

ቀጥሎ የፕላስቲክ ሽታ። ጥቁሩን ኬብል ብነካው ፈጀኝ። ሞተሩን አጠፋሁት። በመቅዘፊያ ተመለስን።

ጋሽ ወልደጻድቅ ዳር ላይ፣ "ባትሪው ደክሞ ይሆናል" አሉ።

"ባትሪ ከሆነ ይለወጣል። ያንቺ ጥፋት አይደለም" አሉ አቶ ጉግሳ።

በቃ፣ መውጫ አገኘሁ። አዎ ብል ማን ያውቃል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር... እጄ ግን ቴስተሩን አነሳ። ጀልባዋን አስረን ሞተሩን ለአፍታ አስነሳሁና ለካሁ። ባትሪው ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ቮልት። ሞተሩ ላይ አሥራ አንድ ተኩል። በየኬብሉ ስለካው፣ ከጎደለው አብዛኛውን የበላው ጥቁሩ ነው።

"ባትሪው ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ።

መኪና ላይ ስለ ኤሌትሪኩ መመለሻ አናስብም። የመኪናው ብረት ራሱ ይመልሰዋል፤ ማሳ እንለዋለን። ዘጠኝ ዓመት የተጨነቅኩት ለቀዩ ነው። ጀልባዋ ግን ፋይበር ናት። ምን ብረት አላት? የሚመለሰው ሁሉ በዚያች ቀጭን ጥቁር ነው።

"የዛሬ ሳምንት ሠርግ አለብኝ" አሉ አቶ ጉግሳ። "ሙሽሮቹን በመቅዘፊያ ላንሸራሽር?"

ጋሽ ወልደጻድቅ ወደ መኪናው አመሩ። ቁልፉም ሄደ ማለት ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 21

መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ። ከቤትሽ፣ ከየካ አባዶ፣ እስከ ሥራ ቦታ ስንት ይፈጅብሻል ሲሉኝ ሁሌ ደርሶ መልሱን ነው የምናገረው፤ ሦስት ሰዓት። የማታውን ሰልፍ የማይቆጥር ሞኝ ማን አለ? ለኬብሉ ግን መሄጃውን ብቻ ቆጠርኩ!

እንደገና አሰላሁ። አምስት ሲሄድ፣ አምስት ሲመለስ፣ አሥር ሜትር። ባለ ሃያ አምስት ለአሥርም ይበቃል። እንኳን አልሰሰትኩ። ጥቁሩም ባለ ሃያ አምስት ይሆናል።

ጃለታ አልሳቀም። ኬብሉን አብሮኝ ጎተተ።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ እኔ። ስምንት ሰው። ሐይቁን አቋርጠን ተመለስን። ሁሉም ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ጎንበስ ብዬ ኬብል እዳስሳለሁ። ቀዩም ጥቁሩም ለብ እንኳ አላሉም።

ዳክዬዋን ቀደምናት።

ሰኞ፣ ጥር 28

ጠዋት ጋሽ ወልደጻድቅ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት።

"ሠርጉ አማረልኝ ማለት ነው" አልኳቸው።

"ለሠርጉ ብዬ አይደለም። የዚያን ቅዳሜ ነው የወሰንኩት።"

"ኬብል ያቃጠልኩ ቀን?"

"ባትሪውን የሞላሁት እኔ አይደለሁም? ሙሉ እንደነበር አውቃለሁ። ባትሪው ነው ስልሽ እሺ ትያለሽ ወይ ብዬ ነው።"

ተናደድኩ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተን ፈተና? ከዚያ ሳቅኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩም። ቢጫ ክር እንደታሰረበት ቁልፉ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ በየደቂቃው እነካዋለሁ።

ከሰዓት አንድ ኮሮላ ሥር ሆኜ ጫማ ብቻ ይታየኛል። "ኤሌትሪሻኑ አለ?" አለ ሰውየው።

ጃለታ አፉን ሲከፍት ሰማሁት። ቀደምኩት።

"እኔ ነኝ። ትንሽ ቁጭ ይበሉ፣ ልጨርስ።"