ባለ ሦስት ጣት ሽጉጥ

ውድ አባቴ፣

ከሞትክ ከአርባ ዓመት በኋላ ስጽፍልህ «ሎርና ጃጀች» ትል ይሆናል። በል፣ ግን ስማኝ። ማክሰኞ ዕለት ዌንዴል የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ሽጉጥህን ይዞልኝ መጣ። ያንተኑ እንኳ አይደለም፣ አባዝቶ ሊሸጠው የሠራውን ቅጂውን ነው። አረቄ በሕግ በተከለከለበት ዘመን እዚህ ቶፒካ ከተማ፣ ኮርቻና ጠመንጃ በምትሠራበት ሱቅህ ውስጥ የሠራኸውን፣ ከአፈሙዙ ሥር ለግራ እጅ የእንጨት መያዣ የጨመርክበትን። ያንተው ምላጩ አንዴ ሲሳብ ጥይቱን ሁሉ ያርከፈክፍ ነበር፤ የእሱ ሕጉ ስለማይፈቅድ አንድ በአንድ ነው የሚተኩሰው።

«እማማ፣ አባትዎ ግን እዚህ ጋ ተሳስተዋል» አለኝ መያዣውን እያሳየ። «ሦስት የጣት ማረፊያ ብቻ ነው የቀረጹት። አራተኛውን እኔ ጨመርኩላቸው።»

«አባቴን ልታርም? አንተ ደግሞ ደፋር ነህ» ብዬ ሳቅኩ።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። አንዲት ስፌት ጠመመች ብለህ ሙሉ ኮርቻ የምትፈታ ሰው ጣት መቁጠር እንዴት ይሳንሃል? ደንበኛውን ሰም አስጨብጠህ የእጁን ልክ ሳትወስድ መያዣ ቀርጸህም አታውቅም። የዋናውን ፎቶ አምጣ አልኩት። ፎቶው ላይ የትንሿ ጣት ማረፊያ በቦታዋ አለች፤ ከመሐል ጣት ቀጥሎ ያለው ግን ልሙጥ ነው። የቀለበት ጣት የለም።

በዚያ ሽጉጥ አንድ ወንበዴ የከተማችንን ፖሊስ ሲገድል፣ ፍርድ ቤት ቀርበህ «ለከብት ነጋዴ ነው የሠራሁት፣ ወንበዴ መሆኑን በምን አውቄ» ብለህ ማልክ። የወንበዴው ሥዕል እኮ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወራት ሙሉ ተለጥፎ ነበር! ከሥሩ «የግራ እጁ የቀለበት ጣት የለውም» ይላል። አንተ ደግሞ ደብዳቤህን ልትወስድ በየማለዳው እዚያ ነበርክ።

አባዬ፣ ትምህርት ቤት «የወንበዴ ሎሌ ልጅ» ብላ የሰደበችኝን ዳግማርን ጥርሷን ያወለቅኩት ቃልህን አምኜ ነው። የሟቹን ፖሊስ ልጅ!

ዌንዴል በየሽጉጡ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ወረቀት እንድፈርም አቀረበልኝ፤ «ሠሪው ለማን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር» ይላል። ሳልፈርም ወረቀቱን መለስኩለት።

«ምነው እማማ፣ ቃሉን አልወደዱትም?»

«አልወደድኩትም። አራተኛውንም ማረፊያ አጥፋው፤ አባቴ አልተሳሳተም» አልኩት።

ተናድጄብሃለሁ። ደግሞም ማወቅ አማረኝ፤ ያን እጅ ሰሙ ላይ ስትጫን ምን ስታወሩ ነበር? ስለ ዝናብ? ስለ ከብት ዋጋ? ፈርተኸው ነው ወይስ ሥራው አጓጉቶህ?

ዳግማር እዚሁ ከተማ በሕይወት አለች። ነገ ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ። ምን እንደምላት ገና አላውቅም። «አባቴ አያውቅም ነበር» ግን አልላትም።

እንዲህም ሆኖ የምትወድህ ልጅህ፣
ሎርና