የመኪያ ጉልበትና የጋሽ ደበሌ ጋሪ

ነሐሴ 14፣ ሮቤ
ዛሬም ጭቃ። በት/ቤቱ ሜዳ ስልሳ ልጆች፣ ስልሳ ማዳበሪያ ከረጢት። ውስጥ እግራቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው ወደ ጎን ይዘረጋል። ለመስከረም 2 የአብዮት በዓል ትርኢት ከመድረኩ ሲታዩ ኮከብ ይሆናሉ ተብሏል። የኮሚቴው ጓድ መሬት ያልነካ ጉልበት ኮከቡን ያበላሻል አለ። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ስፖርት የተሰጠኝ ክፍለ ጊዜ ስለጎደለኝ ነው። የተራራ ከፍታ ይጠይቁኝ፤ የዳሌን ነገር ምን አውቄ? እየዞርኩ ጉልበታቸውን ወደ ታች እጫናለሁ።

ነሐሴ 15
ደብተሬ፣ የመኪያ ጉልበት አልወርድ አለ። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ዝምተኛ። በሁለት እጄ ተጫንኩት። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወይስ መሰለኝ? እያነከሰች ሄደች። ይሻላታል። ይሻላት ይሆናል።

ነሐሴ 18
መኪያ ቀረች። ጉልበቷ አብጧል አሉ። ለአባቷ ከጋሪ ወደቅሁ ብላለች። ከጋሪ? ለምን ዋሸች? ግራ ገባኝ። የሆነው ሆኖ እፎይ አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፤ ግን እፎይ ብያለሁ።

ነሐሴ 20፣ ጎባ
እናቴን ልጠይቅ መጣሁ። ውሸት፤ ጤና ጣቢያ ድሬሰር የሆነውን የአጎቴን ልጅ ፈልጌ ነው። የራሴ ጉልበት አስመስዬ ጠየቅኩት። ጉልበት የበር ማጠፊያ ነው አለ። ወደ ጎን የሚከፈተው ዳሌ ነው፤ ዳሌው ጠብቆ ሳለ ጉልበቱን የተጫነ በሩን ይነቅላል። ታዲያ ምን ይደረግ? የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ። ተረከዝን ከሰውነት አራቅ ማድረግ። እጅ ቁርጭምጭሚት ላይ፤ ጉልበት ላይ በጭራሽ። ሳይጎብጡ ከዳሌ ትንሽ ወደ ፊት ማለት፣ እየተነፈሱ መቆየት። ብሽሽት ሳብ ቢል ደግ ነው። ጉልበት ካመመ ማቆም። ያበጠ ጉልበት ግን ያርፋል፣ ሐኪም ያየዋል።
በእናቴ መደብ ላይ ሞከርኩት። የቱ መሳብ፣ የቱ ሕመም እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እናቴ አየችኝና፣ "ምነው ልጄ፣ እንቁላል ልትታቀፊ ነው?"

ነሐሴ 22፣ ሮቤ
ጉድ። የመኪያ አባት አቶ ኡስማን ባለጋሪውን ጋሽ ደበሌን ቀበሌ ከሰዋቸዋል። ጉዳዩ እስኪታይ ጋሪው ታገደ፤ ፈረሱ ቀበሌው ግቢ ታስሯል። ጋሽ ደበሌን ገበያ አገኘኋቸው።
"ማል ጎዳ፣ ምን ላድርግ ቲቸር? በማርያም፣ ያቺን ልጅ በዚያ ቀን አልጫንኳትም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ንገሪልኝ።"
ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ማለቴ ነበር?

ነሐሴ 24
መኪያን ቤቷ ጠየቅኋት። እግሯ ትራስ ላይ ነው። እናቷ ወተት አቀረቡልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ፣ ከአስተማሪ ሁሉ አንቺ ብቻ መጣሽ አሉ። ጎባ ሐኪም ይያት አልኳቸው። ወጣ ሲሉ ልጅቷን ለምን ዋሸሽ አልኳት። እኔን እንዳያስሩኝ ፈርታ ነው። ጋሪ አለች እንጂ የማንንም ስም አልጠራችም፤ በሠፈሩ ያለው ጋሪ ግን የጋሽ ደበሌ ብቻ ነው። አለቀሰች። አሁን እውነቱን ልናገር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ወተቱን ጠጥቼ ወጣሁ።

ነሐሴ 25
ልምምድ ላይ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዞርኩ። ልጆቹ ከረጢቱን አጥፈው ተቀመጡበት። ጉልበት የደረሰበት ይድረስ አልኩ። አንድም መሬት አልነካም። ጓዱ ይህ ምን ዓይነት ኮከብ ነው አለ። እኔም አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው። ጻፈ። ምን ጻፈ?

ነሐሴ 26፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ጉዳዩ ዛሬ 3 ሰዓት ላይ ቀበሌ ይታያል። ሹራብና ሳሙና በቦርሳ ይዣለሁ፤ ቢያሳድሩኝስ? እናቴን ማን ይነግራታል? የምናገረውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። አጭሩ ይሻላል። አቶ ኡስማን፣ ልጅዎን የጎዳኋት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። የጋሽ ደበሌን ፈረስ ያስፈቱላቸው።