ወረቀቱን እንዳትፈርም

ውድ አባዬ፣

አክስቴ ቤት ከሄድክ ሦስት ሳምንት ሞላህ። ስደውል «ደህና ነኝ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ ግን አይዘጋምና ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

የውሃ ጣቢያው ኃላፊ ወረቀት እንደላከልህ ሰምቻለሁ። «በቸልተኝነቴ የክሊኒኩን ምድር ቤት በውሃ አጥለቅልቄአለሁ፣ ይቅርታ» ብለህ ፈርምና በሰላም ጡረታ ውጣ ነው የሚሉህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማውን ውሃ ያጠጣ ሰው ዛሬ ቸልተኛ ሆነ! እንዳትፈርም።

ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሁለቱ የውሃ መልቀቂያ እጀታዎች መንትያ ናቸው። አንዱ ውሃውን ወደ ከተማ ይለቃል፣ ሌላው በክሊኒኩ በኩል ወደሚወርደው ማፍሰሻ። ቀለማቸውም ቁመታቸውም አንድ፣ መሃላቸው አንድ ስንዝር። እንዳይምታታብህ ብለህ ማፍሰሻውን አሮጌ ካልሲ አልብሰኸው ነበር። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ «ይሄ ምን ዝርክርክነት ነው?» ብሎ ያስወለቀህ ማን ሆነና? ራሱ ኃላፊው ነው። በአራተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት ከሠራህ በኋላ፣ ስልክ እየጮኸብህ የውሃውን ግፊት ከጌጁ ላይ ስታነብ እጅህ ማፍሰሻው ላይ አረፈ።

ትናንት ኃላፊውን ጨምሮ አምስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። እኔንም ከምሠራበት ከቴክኒክ ክፍል ጠሩኝ። ዋናውን ቧንቧ አስዘጋሁና አምስቱንም ተራ በተራ እጀታዎቹ ፊት አቆምኳቸው። በስልክ እያናገርኩ፣ ቁጥር እያስነበብኩ፣ ድንገት «ወደ ከተማ ልቀቁ!» አልኩ። ሦስቱ ማፍሰሻውን ጎተቱ፤ ኃላፊው አንዱ ነው።

«ደክሞኝ እኮ ነው» አለ።

«አባቴስ?»

ፊቱ ቀላ። «ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም!»

«ገብቷል ጋሼ። ፈርሜበታለሁ።»

«በሥራሽ እየቀለድሽ ነው፣ አንቺ ልጅ።»

ያባርሩኝ። የሰው ጭንቅላት ይሄን ሁሉ ባንዴ ሲያጭቁበት አንዱን ነገር መጣሉ አይቀርም። ይሄን የማያውቅ ሰው እጀታ ባይሠራ ይሻለዋል።

አሁን የከበደኝን ልጻፈው። ያን ቀን ጫማህ ርሶ ስትገባ «ዓይንህን ምን ጋረደህ?» ብዬ የጮኽኩብህ እኔ ነኝ። ከኮሚቴው ቀድሜ ፈርጄብሃለሁ። በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ፣ እኔም አልተከተልኩህም። ያ እስካሁን ያመኛል።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠሩሃል። የክት ኮትህን ልበስና ና፤ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። አንገትህን እንዳትደፋ። ወረቀቱን ሲያቀርቡልህ ወደነሱ ግፋው። በዚህ ጉዳይ ከቤታችን ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ይኸው በፊርማዬ፦ አባዬ፣ ይቅር በለኝ።

ልጅህ