አጥፍቻለሁ

ሰኞ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2013፣ ካምፓላ

በኮሮና ምክንያት ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው እንዳይጭን ከተከለከለ ወዲህ ኪሰንዪ ሰፈር ድረስ በእግሬ የምኳትነው የጋሽ ተፈራን ምግብ ቤት ራውተር ነቅዬ ለመሰካት ብቻ ነበር። በቃኝ! ባለፈው ሳምንት ሳላስፈቅዳቸው፣ ራውተሩ መልስ አልሰጥ ሲል በራሱ አጥፍቶ መልሶ የሚያበራው ዕቃ ገጠምኩ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ራውተሩ ቀጥ አለ፤ ዕቃውም ሥራውን ሠራ። ጋሽ ተፈራ ራውተሩ ድርግም ሲል አይተው፣ ዕቃውንም አግኝተው ደወሉ።

«ሳታስፈቅጂኝ! ነገ መጥተሽ ንቀይው፤ አለዚያ ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ።»

«ይፈልጉ። እኔ አልነቅልም።»

«ቢያንስ አጥፍቻለሁ በይ እንጂ!»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ። መልሼም አብርቻለሁ። የምግብ ትዕዛዝዎ በኢንተርኔት እየገባ ነው፤ ይዩት።»

ስልኩን ዘጉ። ይቅርታ የጠየቅኩ መስሏቸው ይሆን? ይምሰላቸው። ነገ ግን ኪሰንዪ አልሄድም።