እንግዶችዎን ስለተቀበሉበት የእድራችን ድንኳን

ለተከበሩ የካዛንቺስ አሮጌው ሁለገብ ስታዲየም ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ከቢሮዎ ፊት ያስተከሏቸው አበቦች ሁሉ ደህና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔም፣ ከስታዲየሙ አጥር ተጠግቶ በቀረው የቀበሌ ቤት የምኖር፣ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ባልቴት፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

አንደኛ። በዋናው በር ስላሰቀሉት የጎብኚዎች መግለጫ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ስታዲየሙ በጥንት ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች ራግቢ እንዲጫወቱበት እንደተሠራ፣ ከዚያም እግር ኳስ፣ ሩጫ፣ ቦክስ፣ ሰርከስና የበዓል ባዛር እንዳስተናገደ በሁለት ቋንቋ አስነብበውናል። ራግቢውን እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ እንቁላል የመሰለች ኳስ ያቀፈውን አንዱን ፈረንጅ ሌሎቹ ተረባርበው ሲጥሉት፣ እናቴ ገላጋይ የጠፋ መስሏት ከአጥሩ ወዲህ ኡኡ ብላ ነበር። ነገር ግን ሁለገብ ከተባለ ዘንድ አንድ አገልግሎት ተዘሏል። የሰፈራችን መንገድ ጠባብ ስለነበር ሰው ሲሞትብን ድንኳን የምንተክለው በእርስዎ ግቢ፣ ከጥላ ፎቁ ጀርባ ነበር። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ የእድራችንን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል እንድናስቀምጥ ፈቅደውልን ነበር፤ ለባለቤቴ ለአቶ አጽብሃም ለቅሶ የተቀመጥነው እዚያው ነው።

ሁለተኛ። የሰፈሩ ሰው ቤቱ እየፈረሰ ወደ ጀሞና ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሄድ የእኔ ቤት ብቻ ለጊዜው ይቆይ ተብሎ ቆየ። ለምን እንደቆየ የሚያውቅ ባለሥልጣን እስካሁን አላገኘሁም። በመግለጫዎ ላይ «አካባቢው ጸጥታ የሰፈነበት ነው» መባሉን ሳነብ ግን እውነትዎን ነው አልኩ። ጨው ሲያልቅብኝ የማንኳኳው በር የለም።

ሦስተኛው የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ነው። ባለፈው ወር ከውጭ አገር የመጡ ጎብኚዎችን ለመቀበል ጥላ ቢያስፈልግዎ ክፍሏን አስከፍተው ድንኳናችንን አስተከሉት። የምን ድንኳን እንደሆነ ማንንም አልጠየቁም። የቀድሞ ጎረቤቴ ኩልሱም በታክሲ ወደ ኡራኤል ስታልፍ ድንኳኑን አየችው። በሰፈሩ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ማን እንደሞተ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ለእድርተኛው ሁሉ ደወለች፤ ለእኔ አልደወለችም፤ ለሞተ ሰውስ ማን ይደውላል?

እኔም ጩኸት ሰምቼ ብወጣ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ያለቅሳል። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃልና ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ እያነባሁ ገባሁ። ከኩልሱም አጠገብ ተቀምጬ ከልቤ ካለቀስኩ በኋላ፣ ማን ነው የሞተብን ብዬ በጆሮዋ ብጠይቃት፣ ቀና ብላ አየችኝና ከነአግዳሚው ወደ ኋላዋ ወደቀች። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረመስቀል ታክሲ ውስጥ የጻፉትን የሕይወት ታሪኬን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ቢያነቡት ደስ ባለኝ ነበር። በድንኳኑ ወዲያኛው ጫፍ የተቀመጡት እንግዶችዎ ግን የባህል ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ፤ እርስዎም መግለጫዎን አቋርጠው አብረው አጨበጨቡ። ስላደረጉልኝ ክብር ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚያማ ሰዎቹ እየሳቁም እየተቆጡኝም ቤቴ ገቡ። ለለቅሶዬ የመጣውን ንፍሮ እኔም አብሬ በላሁ። መቀመጫ አንሶ እደጁ ድረስ ተቀመጡ፣ ስለ ሰፈሩ ተጫወቱ፣ ባለቤቴን በስሙ አነሡት። አልዋሽዎትም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታክሲ እንዳያጡ ተነሡ፤ ሁሉም ከእንግዲህ እየመጣን እንጠይቅሻለን አሉ። እስካሁን የመጣ የለም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኑሮውም እንደሚያውቁት ነው፣ አልቀየምኳቸውም። ግን በጣም ከፍቶኛል።

አራተኛ። በማግስቱ የክፍሏን ቁልፍ አስቀይረው፣ ድንኳኑን በመግለጫው ላይ «ታሪካዊ የእንግዳ መቀበያ» ብለው አስጨምረውታል። እድሩም ካልተመለሰልን ሌላ ገዝተን ጀሞ እናኖራለን ብሎ ወስኗል። ጀሞ ለሚሞት ሰው መልካም ውሳኔ ነው። እኔ ግን የምሞተው እዚህ ነው፤ ድንኳኑ ከሄደ እድሩም ከዚህ ሰፈር ሄደ ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ቀባሪ አታሳጣኝ እያልኩ የጸለይኩ ሴት፣ በስተርጅና ሬሳዬን የስታዲየሙ ዘበኛ እንዲያገኘው አልፈልግም። ስለዚህ ድንኳኑን ከነአግዳሚው፣ ክፍሏንም ከነቁልፏ እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ሰፊ ትዕግሥትዎ፣ ወደፊት ስለሚነፍጉኝ መልስ፣ እንዲሁም ለብዙ ሰው ያልተፈቀደውን የራሴን ለቅሶ በቁሜ ስላሳዩኝ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የአጥርዎ ጎረቤት
ጦቢያ አምኃ
ካዛንቺስ፣ ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ልመናዬን ለመፈጸም ደንብና መመሪያው የማይፈቅድልዎ ከሆነ ድንኳኑ እርስዎው ዘንድ ይቆይ። ብቻ በዓመት አንድ ቀን፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ እንደ ባለፈው ወሩ በስህተት ያስተክሉልኝ። እኔም ሁሉም መጥተው እስኪቀመጡ ድረስ ከቤቴ አልወጣም።