ከበሩ ጀርባ ያለው ቆመጥ

ጥቅምት 3
ማተሚያ ቤት እንደወትሮው። አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አርሜ ጨረስኩ፣ ቀዩ እስክሪብቶዬም አብሮ አለቀ። ቤት ስገባ ጋሼ ቆመጡን ይወለውላል። አጎቴ ከፖሊስነት ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ... ቆመጡ ግን አልወጣም።
«ዱላህን ዛሬም አሳመርከው?»
«ዱላ የከብት ነው። ይሄ ማረጋጊያ ነው።»
«ስንቱን አረጋጋህበት?»
ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

ጥቅምት 5
አውቶቡስ ሰልፍ ላይ አንድ ፖሊስ አንዲት አሮጊት ሲገፈትር «ለምን?» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ቆመጡን ቀኝ ክንዴ ላይ አሳረፈብኝ። በግራ እጄ እየጻፍኩ ነው፣ የዶሮ ጭረት።

ጥቅምት 6
ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው የጻፈውን እንድፈርም አቀበለኝ። «በግርግሩ ወድቃ» ይላል። መቼ ወደቅኩ? የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አዲሱን ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ በግራ እጄ ሰረዝኩት። ዳር ላይ «በቆመጥ ተመትታ»። ሁለት የፊደል ግድፈትም አብሬ አረምኩለት። ሳቀ፣ ከዚያ ቀደደው።
«እህቴ፣ የተማሪ ደብተር መሰለሽ? የሚመሰክር አምጪ።»
አሮጊቷን ከየት ላምጣት?

ጥቅምት 7
ለጋሼ ደብቄው ነበር። ሻይ ሳቀብለው እጅጌዬ ተሰበሰበ። ጣቢያ «ወድቃ» ብለው እንደጻፉ ስነግረው ክንዴን ወደ መስኮቱ አዞረው። ሁለት ቀይ መስመር ጎን ለጎን፣ መሃሉ ነጣ ያለ።
«መሬት እንዲህ አይመታም» አለ።
«ታዲያ ምን? ማረጋጊያ?»
ሻዩን ትቶ ተነሳ።

ጥቅምት 9
መስመሩ እየደበዘዘ ነው። ከጠፋ ምን ይዤ ልሄድ? ጋሼ ዓይኔን እየሸሸ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል...

ጥቅምት 10
ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ። ቆመጡን በጋዜጣ ጠቅልሎታል። ጣቢያ ስንገባ መርማሪው ብድግ አለ፣ «አለቃ!»። ለካ ያሠለጠነው ጋሼ ነው። ቆመጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ክንዴን አጠገቡ።
«ሃያ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፣ ምልክቱን አውቃለሁ። ቆመጥ ብለህ ጻፍ።»
«አለቃ፣ እርስዎም እኮ...»
«እኔም። እሱንም ጻፈው።»
ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። አንድ ግድፈት አይቼ አለፍኩት።

ጥቅምት 19
ክንዴ ጠርቷል። ፖሊሱ ገና አልተጠራም። መዝገቡ ግን አለ፣ ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ነገም እሄዳለሁ።
ከበሩ ጀርባ ባዶ ሚስማር። ጋሼ ቆመጡን ያን ቀን ጣቢያው ትቶት መጣ። ዛሬ ምንም ሳልጠይቀው ጀመረ።
«ከመታኋቸው የአብዛኞቹ መልክ ጠፍቶኛል። አንዱ ግን አይጠፋኝም... እሱም እንዳንቺ ‹ለምን?› ነበር ያለኝ።»