ጮክ ብሎ የማንበብ ሥራ፦ የእትዬ ነጥብ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ነጥብ ከአባታቸው ከምድጃ ጠጋኙና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ መጋቢት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ናቸው። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው ከብዶ ስለነበር፣ በዚያ ቤት የሚያወራ ሁሉ ይጮህ ነበር። እትዬ ነጥብ ግን መጮህ ሳያስፈልግ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አጥርቶ መናገር እንደሚበቃ ገና በስድስት ዓመታቸው ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ልጆች የቱንም ያህል ቢጮኹ፣ አባትየው ወደ እሳቸው ዞረው «ምን አለ?» ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀዋል። በሒሳብ ብዙም አልተመሰገኑም፤ ይህንንም ደብቀው አያውቁም።

በ1966 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በአንባቢነት ተቀጠሩ። ሥራው ዛሬ ስለሌለ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ደራሲው የጻፈው ረቂቅ እሳቸው እጅ ይሆናል፤ ከማሽን የወጣው የሙከራ ገጽ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ በተቀመጡት አራሚ እጅ። እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ አራሚው እየሰሙ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። የሚነበበው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ነጠላ ሰረዙም፣ ቅንፉም፣ አራት ነጥቡም በየስሙ ይጠራል። የሚታወቁበት ስም የወጣላቸው በዚሁ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ የእሳቸውን ድምፅ ሳይሰማ ከዚያ በር የወጣ መጽሐፍ አልነበረም።

አራሚው ቁጥብ ሰው ነበሩ። አራት ዓመት ሙሉ ከ«ደህና አደርሽ» እና ከ«ይደገም» ያለፈ ነገር አልወጣቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ስለ ንብ እርባታ በተጻፈ ረቂቅ መሃል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰኩ። እትዬ ነጥብ እያነበቡ ሄደው ሄደው ወረቀቷ ጋ ደረሱ። «ብንጋባ ምን ይመስልሻል ጥያቄ ምልክት» ብለው እንደ ሌላው ሁሉ አነበቡና፣ «አዲስ መስመር» ብለው ወደ ንቦቹ ተመለሱ። መልሱ የተሰጠው ምዕራፉ ሲያልቅ ነው። በ1970 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ልጆቹም ገና በሕፃንነታቸው፣ እናታቸው ቁጣቸውን በ«አራት ነጥብ» ከዘጉ ለክርክር የተረፈ ነገር እንደሌለ ተምረው ነው ያደጉት።

በ1994 ዓ.ም. ገደማ ደራሲዎች ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር ሠርተው ማምጣት ያዙ። የመጣው ጽሑፍ ራሱ ገጽ ስለሚሆን፣ ከምን ጋር እንደሚመሳከር የሚያውቅ ጠፋ። የአንባቢነቱ መደብም ታጠፈ። ሥራ አስኪያጁ ቅር እንዳይላቸው ብለው «እትዬ፣ ማሽኑ ራሱ ያርመዋል እኮ» ቢሏቸው፣ «ማረሙንስ ያርመው፤ የሚሰማው ማነው?» ብለው ቦርሳቸውን አነሡ።

ባለቤታቸው እስክሪን ላይ ማረሙን ቢቀጥሉም፣ በዓይን ግፊት ሕመም ምክንያት በ2006 ዓ.ም. የሁለቱም ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። ልጃቸው አባቷ እንዳይከፋቸው ስልካቸው ላይ መጽሐፍ የሚያነብ ፕሮግራም ጫነችላቸው። አንድ ገጽ አዳምጠው፣ «ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ? እኔ እኮ ደከመኝ» ብለው አጠፉት።

እትዬ ነጥብ ዳግም ሥራ የፈለጉት በዚህ የተነሣ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጻሕፍትን በድምፅ ቀርጾ በስልክ ወደሚያሰማ ድርጅት ሄደው ተፈተኑ። የተሰጣቸውን ገጽ ከነነጠላ ሰረዙ አንብበው ጨረሱ። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «እማማ፣ ነጥቡን ይተዉት። እዚያ ጋ ሲደርሱ ዝም ማለት ነው በቃ» አላቸው።

«ዝም ካልኩ ሰሚው በምን ያውቃል?» አሉት።

ዝምታውን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ከለመዱት በኋላ ግን የሚስተካከላቸው አልተገኘም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት መጻሕፍት አነበቡ። ቅር ያላቸው ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያውን ሲያዳምጡ «ነጥቡን የት አደረግሽው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ ያለ ነጥብ፣ ለቤት ከነነጥቡ ይነበብ ጀመር።

በ2014 ዓ.ም. ሰባተኛውን መጽሐፍ አጋምሰው ሳለ ድምፃቸው ሻከረ። ጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ዕድሜ እንደሚጨምር፣ ድምፅ ግን እንደማያስቀር ነገሯቸው። መጽሐፉን ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ጠይቀው በዘጠነኛው ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት የማያዩ ባልና የማይናገሩ ሚስት አብረው ኖሩ። እትዬ ነጥብ የሚሉትን ስልክ ላይ ይጽፋሉ፤ ስልኩ ያነባል። የሚያነበው ግን በወንድ ድምፅ ነበርና ባለቤታቸው፣ «አርባ አራት ዓመት አብረን ኖረን፣ ዛሬ አንድ ጎረምሳ መጥቶ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ይበለኝ?» አሉ። የድምፅ ባለሙያው ይህን ሰምቶ፣ ከሰባቱ መጻሕፍት ድምፃቸውን ለኮምፒውተር አስጠናና ስልኩ በእሳቸው ድምፅ እንዲናገር አደረገ። ባለቤታቸው የመጀመሪያውን ቀን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «መጨረሻ ላይ ትንሽ ትቸኩላለች፤ ሌላው ልክ ነው» ብለውም አሳለፉት።

ድርጅቱ በዚሁ ድምፅ አዳዲስ መጻሕፍት ለማውጣት ፈቃድ ሲጠይቃቸው፣ እትዬ ነጥብ በእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ያላነበብኩትን አንብባዋለች አይባልብኝ። ያነበብኳቸው ይቆዩ። ይሄኛው ድምፅ እስካለሁ ድረስ የቤት ነው፤ ስሞት ይጥፋ።» ወረቀቱ ሲነበብ ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበሩ።

እትዬ ነጥብ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ሲረዱ ቆይተው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ሰኞ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤታቸው አርፈዋል።

ስልኩ ባለቤታቸው እጅ ቀረ። ልጆቻቸው «አባዬ፣ ለቤት ብቻ ይቆይ፤ እሷም ብትሆን አትቀየምም» እያሉ ለመኗቸው። ይህንን የሕይወት ታሪክም በእናታቸው ድምፅ እናስነብበው ያለ ነበር። ወንዱ ልጃቸው «ሲከፋህ ታናግርሃለች» ሲላቸው፣ «የምትለኝ እኮ አንተ የጻፍከውን ነው» አሉት። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ትናንት ከቀትር በኋላ የድምፅ ባለሙያውን አስጠርተው ስልኩን አስረከቡት። «ከመጥፋቱ በፊት አንድ ነገር ላሰማዎት?» ቢላቸው፣ «ተወው፤ ተናግራ ጨርሳለች» አሉት። ሲጠፋ የተሰማ ነገር አልነበረም። መጥፋቱን ያወቁት ባለሙያው «ጨርሻለሁ አባባ» ሲላቸው ነው።

እትዬ ነጥብ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ያነበቧቸው ሰባት መጻሕፍት ለፈለገ ሁሉ ይደመጣሉ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል፤ ለባለቤታቸውም የቤቱን ጸጥታ ያቅልልላቸው።